የፍሬን ሸራውን ማን ይቀይረው?



በዚህ ዓምድ ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ልጆች ሳል ስናወራ ቆይተን ዛሬ ስለ መኪና ፍሬን ልጽፍ ስነሳ፣ አንዳንዶቻችሁ «ሲስተር ደግሞ መቼ መካኒክ ሆነች?» ማለታችሁ አይቀርም። እውነት ነው፣ መካኒክ አይደለሁም። መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ነገር ግን በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ በተለይም በድንገተኛ ክፍል፣ «ፍሬን እምቢ አለው» የሚለውን ቃል ከሾፌርም፣ ከትራፊክ ፖሊስም፣ ከቆሰለ ተሳፋሪም ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። አሁን ደግሞ ነገሩ ከሆስፒታል አልፎ እኛው ግቢ ድረስ መጣ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ነው። አብሬው የምኖረው ልጄ ሁለቱን ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርስባት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለችው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መኪናዋ በራችን ጋ ስትደርስ ቀጭን ፉጨት ማሰማት ጀመረች። ፍሬን ሲረገጥ ትጮሃለች፣ ሲለቀቅ ዝም ትላለች። «ይህቺ መኪና ሳታማት አልቀረችም» ብለው «አይ እማዬ፣ ዝናቡ ነው» አለኝ። ክረምት ላይ ያደረች መኪና ዲስኳ በስሱ ዝጎ ሊጮህ እንደሚችል እኔም ሰምቻለሁ። የዝገት ጩኸት ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። የእኛዋ በየቀኑ ባሰባት።

በመጨረሻ ወደ አስመጪው ጋራዥ ወሰዳት። የፊት ጎማዎቹ የፍሬን ሸራ እንዳለቀና ዲስኮቹም አብረው መቀየር እንዳለባቸው ነግረው የዋጋ ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱን አየሁት፤ ከሦስት ወር ጡረታዬ ይበልጣል። ልጄ ተናደደ። «ሸራ መቀየር ማለት እኮ እማዬ፣ ብሎን ፈትቶ መልሶ ማሰር ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሸራውን እገዛለሁ፣ የቀረውን ራሴ እሠራዋለሁ» አለ። ሥራው ሒሳብ ነው። ቢሆንም እጁ ብልህ ነው፤ የቤታችንን ቧንቧም መብራትም የሚጠግነው እሱ ነው። በስልኩ ላይ አሠራሩን ደጋግሞ አየ። እኔም ገንዘቡ እንዲተርፍለት ስለፈለግሁ «እስቲ ይቅናህ» አልኩት። የመስከረም ወጪን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራውን ጀመረ። ሁለት ሰዓት ያህል ለፋ። አሮጌው ሸራ ሲወጣ ጉዱ ታየ፤ በአንደኛው በኩል ብረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አዲሶቹን አስገባ፣ ጎማዎቹን አሰረ፣ መኪናዋን ከክሪክ አወረደ። ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ ዘጠኝ ዓመቷን የያዘችውን ልጁን «በሩን ክፈቺልኝ፣ ልሞክራት» አላት። ግቢያችን ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ መቀርቀሪያውን ስትታገል፣ እሱ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፤ መኪናዋ ወደፊት ተንሸራተተች። የእግር ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ባዶ ሆኖ እስከ ወለሉ ወረደ።

እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። የልጄን ፊት በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ያን ዓይነት ፊት የማውቀው ከሆስፒታል ነው። አምላክ ረድቶት እጁ ወደ እጅ ፍሬኑ ተመለሰና ሳበው። መኪናዋ ከልጅቷ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆመች። ልጅቷ ምንም አልሰማችም። በሩን ከፍታ ዞር አለችና «ባባ፣ ለምን አትወጣም?» አለችው። እሱ ግን ከወንበሩ ለመነሳት ጉልበት አጣ።

ምን ተሳሳተ? ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት ያሳለፉ ጋሼ አሉ። መጥተው ገባ ብለው ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ረገጡትና ጠነከረ። «ሥራው ደህና ነው፣ የረሳው ይህን ብቻ ነው» አሉ። ነገሩን እንዲህ አስረዱን። ፍሬን ስንረግጥ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ጎማው ጋ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። አዲስ ሸራ ወፍራም ስለሆነ እንዲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ መገፋት አለበት። ከዚያ በኋላ በፒስተኑና በሸራው መካከል ክፍተት ይቀራል። ፔዳሉ ደጋግሞ ተረግጦ ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ መኪናዋ የእግር ፍሬን የላትም ማለት ነው። የእጅ ፍሬኑ ግን በገመድ ተስቦ የኋላውን ጎማ ስለሚይዝ እሱ አልከዳንም።

እኔ ይህን የተረዳሁት በስሪንጅ ነው። መርገጫውን ወደ ኋላ ስንስበው ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ያ ቦታ እስኪሞላ ድረስ ብንገፋ መድኃኒቱ አይወጣም። የጎደለው እንግዲህ የአሥር ሰከንድ ሥራ ነው። ዘጠና ዘጠኙ በትክክል ተሠርቶ አንዷ ቀረች፤ ያቺ አንዷ የልጅ ልጄን ልትወስድብኝ ነበር።

ያን ምሽት ልጄ «ሁለተኛ መኪና አልነካም» አለ። እኔ ግን በዚህ አልተስማማሁም። ጉዳዩን በሦስት በኩል እንየው።

አስመጪው ጋራዥ ውድ ነው፤ ገንዘቡ ግን ሁሉም ከንቱ አይደለም። የምንከፍለው ለታወቀ ዕቃ፣ ብሎኑን በልኩ ለሚያጠብቅ መሣሪያ፣ ሠርቶ በመንገድ ላይ ለሚሞክር ሰው፣ ችግር ቢመጣ ይዘነው ለምንመለሰው ደረሰኝ ነው። ዋስትናው ያላለቀ መኪና ያለው ሰው እዚያው ቢሄድ ይሻለዋል። የእጅ ፍሬኗ በቁልፍ መጫን የሚሠራ አዲስ መኪናም እንዲሁ፤ የኋላ ሸራዋን ለመቀየር ፒስተኑን በኮምፒውተር ማዘዝ ያስፈልጋል፤ በጉልበት ቢገፋ ይሰበራል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በየሰፈሩ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። የእነሱ ሸራ ቶሎ አያልቅም፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚያዘገየው። ነገር ግን ብዙ ስለማይሠራ ዝጎ ሊጣበቅ ይችላልና «አላለቀም» ተብሎ ሳይታይ መቆየት የለበትም።

የሰፈር ጋራዥ ደግሞ አለ። የእኛን መኪና ሰኞ ዕለት ለማረጋገጫ የወሰድናት እዚያ ነው። መካኒኩ የዲስኩን ውፍረት ለካና ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ጋር አስተያየው። «ሲስተር፣ ይህ ዲስክ ገና ይሠራል» አለኝ። አስመጪው ጋራዥ ዲስኩን ይቀየር ያለው ለጥንቃቄ ይሁን ለገበያ አላውቅም፤ ልኬቱን ግን አላሳየንም። ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። «ይቀየር» ሲባል «ስንት ሆነ? ስንት መሆን ነበረበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በሽተኛ የምርመራ ውጤቱን ማየት መብቱ እንደሆነ ሁሉ የመኪና ባለቤትም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ራስ መሥራት ነው። የፊት ዲስክ ላላት ተራ መኪና፣ እጁ ለሚያምንለት ሰው፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። ትርፉም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ጎማውን ፈትቶ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የመኪናውን ድምፅ ያዳምጣል። የኋላው ጎማ ላይ ያለው ታምቡር ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ስፕሪንግና ብዙ ጥቃቅን ዕቃ ስላለው ለባለሙያ መተው ይሻላል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስ፣ ዘይት ሲንጠባጠብ፣ መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ስትጎትት፣ ወይም መሪው ሲንቀጠቀጥ ነገሩ ከሸራ አልፏልና በቤት አይሞከርም።

ራሳችሁ ወይም ልጆቻችሁ ለመሥራት ከወሰናችሁ፣ ሰው የሚጎዳባቸውን ቦታዎች ልንገራችሁ። የብሎን አፈታቱን ሌላ ሰው ያስተምራችሁ፤ እኔ የማውቀው ጉዳቱን ነው።

የመጀመሪያው መኪናው ራሱ ነው። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፣ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ካነሳችሁ በኋላ በብረት መደገፊያ አስደግፉት። ብሎኬት እንዳትጠቀሙ፤ ምልክት ሳይሰጥ ድንገት ይፈርሳል። የሰውነታችሁ ማንኛውም ክፍል ከመኪናው ሥር አይግባ። ክሪክ የከዳው ሰው ደረት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ለእናንተ ግን አልጽፈውም።

ሁለተኛው አቧራው ነው። ያለቀ ሸራ አካባቢ ጥቁር ዱቄት ይከማቻል። ብዙ ልጆች በአፋቸው እፍ ይሉታል፣ ጋራዥ ውስጥም በኮምፕሬሰር አየር ሲነፋ ታያላችሁ። በአንዳንድ ሸራዎች፣ በተለይም በአሮጌዎቹ፣ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ይገኛል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ የሳንባ ጠባሳና ካንሰር የሚያመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና ሰው ምክንያቱን አያስታውሰውም። ሸራው ምን እንዳለበት በዓይን ስለማይለይ ሁሉንም እንዳለበት ቁጠሩት። አፍና አፍንጫችሁን በጭምብል ሸፍኑ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ አታቡንኑት፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። የሥራ ልብሱ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብ። ልጆችም በአጠገቡ አይጫወቱ።

ሦስተኛው የፍሬን ዘይት ነው። የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ መገልበጥ የተለመደ ነው። እባካችሁ ይህን ተዉት! ጋዝና በረኪና ከውኃ ጠርሙስ የጠጡ ሕፃናትን ተቀብያለሁ፤ የፍሬን ዘይትም መርዝ ነው። በራሱ ዕቃ ተከድኖ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ። ልጅ ቢጠጣ አታስመልሱት፣ ወተት እየጋታችሁም ጊዜ አታጥፉ፤ ዕቃውን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ዘይቱ እርጥበት ከአየር ስለሚስብ ለብዙ ጊዜ ተከፍቶ የቆየው ለመኪናውም አይሆንም። ደግሞ ሸራ እያለቀ ሲሄድ የዘይቱ መጠን ዝቅ ማለቱ ያለ ነገር ነው። ዘይቱን እስከ አፉ ሞልታችሁ ከዚያ ፒስተኑን ብትገፉት ይገነፍልና የመኪናዋን ቀለም ይልጣል።

አራተኛው ሥራው ላይ ያለ ጥንቃቄ ነው። ሸራ ሁልጊዜ በግራም በቀኝም በአንድነት ይቀየራል። አንዱን ብቻ መቀየር መኪናው ፍሬን ሲያዝ እንዲጎትት ያደርገዋል። ሸራውን አቅፎ የሚይዘው ካሊፐር ሲፈታ በዘይት ቱቦው ላይ አይንጠልጠል፤ ቱቦው ከውስጥ ይሰነጠቃል። በሽቦ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። የሸራውና የዲስኩ ፊት ግራሶ አይንካው። የጎማው ዳዶዎች በየተራ ተሻግረው ይታሰሩ፣ መኪናዋ መሬት ከነካች በኋላም እንደገና ይጥበቁ። ከዚያም፣ ሞተር ሳይነሳ፣ የእጅ ፍሬን ሳይለቀቅ፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ይረገጥ። ለመጀመሪያዎቹ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን አታብዙ፤ ሸራውና ዲስኩ ገና እየተላመዱ ነው። በማግስቱ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ልውረድ ማለት አይገባም። ያ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በደህና ሸራም ቢሆን በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አይወረድም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዋናውን ልናገር። ሆስፒታል ውስጥ ደም ለበሽተኛ ሲሰጥ አንድ ነርስ ብቻዋን አትሰጥም። ሁለት ሆነን የበሽተኛውን ስምና የደሙን ዓይነት ጮክ ብለን እናነባለን። ይህን የምናደርገው ሰነፍ ስለሆንን ወይም ስላልተማርን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር ሲያወጣ፣ ዝርዝሩን እንዲጠቀሙ የተነገራቸው የታወቁ ሐኪሞች ነበሩ። ያወቀም ይረሳል። እንዲያውም የሚረሳው ቀላሏን ነው፣ ከባዷንማ ተጠንቅቆ ይሠራታል። ልጄ ፒስተኑን በትክክል ገፋ፣ ካሊፐሩን አሰረ፤ ፔዳል መርገጥ ግን ማንም ሰው የሚችለው ነገር ስለሆነ ረሳው።

ስለዚህ «ራሴ ልሥራ ወይስ ልክፈል?» ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው። ማንም ይሥራው፣ ሁለተኛ ሰው ይየው። አስመጪው ጋራዥም ቢሆን፣ የሰፈሩ ልጅም ቢሆን፣ የገዛ ልጃችሁም ቢሆን። መኪናውን ከጋራዥ ስትረከቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ «አሮጌውን ሸራ አሳዩኝ፣ ሁለቱንም ወገን ቀይራችኋል? በመንገድ ላይ ሞክራችኋታል?» ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ቦሎ ሲታደስ ፍሬኑ ታይቷልና ዓመቱን ሙሉ ደህና ነው ብላችሁም አትተማመኑ፤ ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ሸራ የሚያልቀው በየቀኑ ነው።

ዕድሜያችን ለገፋው አያቶችም ሥራ አለን። መኪና ባንነዳ ጆሮ አለን። ፉጨት ስትሰሙ «ዝናቡ ነው» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ። የፉጨቱ ብረት ሆን ተብሎ የተሠራ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካ ይጮሃል። ፉጨቱ ወደ መፋቅ ከተለወጠ ብረት ከብረት ጋር ገጥሟልና መኪናዋ አትንቀሳቀስ። በጎማው ቀዳዳ አሾልቃችሁ ብታዩ ሸራው ይታያል። የሸራው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከክብሪት እንጨት ትንሽ ወፈር ያለ፣ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። መኪና የሌላችሁም የልጅ ልጆቻችሁን የሚያመላልሰውን የሰርቪስ ሾፌር «ወንድሜ፣ የፍሬን ሸራ መቼ ቀየርክ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁት። ደህና ሾፌር በዚህ አይቆጣም።

ልጄ አሁን ውሳኔውን ቀይሯል። የመኪናዋን ማቆሚያ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፏል፤ በእጁ የጻፋቸው ዘጠኝ መስመሮች ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ሸራ ሲቀየር ጋሼ መጥተው ይቆማሉ፣ ወረቀቱን ጮክ ብላ የምታነበው ደግሞ የልጅ ልጄ ናት። በረንዳው ላይ እኔ አጠገብ ሆና ነው የምታነበው እንጂ በሩ ጋ አይደለም። ትናንት ስትለማመድ ሰማኋት። የመጨረሻው መስመር «ፔዳሉ ጠነከረ?» ይላል። አባቷ «ጠነከረ» እስኪላት ድረስ በሩን የሚከፍት የለም።

እስከ ሳምንት በደህና ያቆየን።